አበበ ስንት ሰው ነው?

የፖድካስት እንግዳ እጥረት በአገራችን ገና በወጉ ያልተጠና ጉዳይ ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክና ከኋላ የሚበራ የቀለም መብራት ያለው ሁሉ ፖድካስት ከፍቷል። የሚያናግረው ሰው ግን ያው ነው። ሰኞ በአንዱ ስቱዲዮ ስለ ልጅነቱ ያለቀሰ እንግዳ፣ ሐሙስ በሌላው ስቱዲዮ ስለዚያው ልጅነት ያለቅሳል፤ አንዳንዱማ ሸሚዙን እንኳ አይቀይርም። እንግዳን በሙያ መምረጥ ተሞከረ፤ ሙያተኛው አለቀ። በዝና ተሞከረ፤ ዝነኛው ቀድሞ አለቀ። ያልተሞከረው በስም መጥራት ነው፦ አንድ ስም ይዞ፣ በዚያ ስም የሚጠሩትን ከየሙያው እየለቀሙ ማስቀመጥ። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡ ያዋጣ እንደሆነ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው። የተመረጠው ስም አበበ ነው።

አመራረጡ ሳይንሳዊ ነው። ከበደም ዕጩ ነበር፤ ነገር ግን ከበደ በየመሥሪያ ቤቱ የናሙና ቅጽ ላይ ስሙን ሲሞላ ስለሚውል ለቃለ መጠይቅ ጊዜ የለውም። አበበን ግን ፊደል ከቆጠርንበት ዘመን ጀምሮ እናውቀዋለን። የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ በሶ ሲበላ አግኝተነዋል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ምን እንደደረሰ፣ በሶው ተስማምቶት እንደሆነ፣ የጠየቀ የለም።

የጥናቱ መነሻ መላምት «አበበ አንድ ሰው ነው» የሚል ነው። ማስረጃው ቀላል አይደለም። ሰውዬው በሶውን በልቶ እንደጨረሰ ጉልበት አገኘ፤ ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ሸዋ ውስጥ ዱር ገባ፤ አምስት ዓመት ተዋጋ፤ ራስ ተባለ፤ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። ሹመቱ ሲሰለቸው ጫማውን አውልቆ ሮም ላይ ማራቶን ሮጠ። ሩጫው ሲበቃው ዜማ መድረስ ጀመረ፤ ዘፋኙ ሁሉ ዜማውን እየወሰደ ሲዘፍን እሱ እስራኤል ተቀመጠ። ቀጥሎ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ የማይወደድ ሀብታም ሆኖ ተወነ፤ በመጨረሻም ዋሽንግተን ገብቶ የዓለም የገንዘብ ድርጅትን የአፍሪካ መምሪያ መራ። በልጅነቱ በሶ የበላ ሰው በስተርጅናው የበሶን ዋጋ የሚመለከት ሪፖርት ማውጣቱ የሕይወት ታሪኩን ምሉዕ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሊሠራው አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህን የሚሉ ሰዎች የፖድካስት እንግዳ ስለ ራሱ ሲናገር ሰምተው አያውቁም ማለት ነው።

መላምቱን የጣለው ሮም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በኦሎምፒኩ ማራቶን ለኢትዮጵያ ከሮጡት አንዱ አበበ ቢቂላ፣ ሌላው አበበ ዋቅጅራ ነበር። አንዱ አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ ወርቅ ወሰደ። ሌላው አበበ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ሰባተኛ ሆነ። አንድ ሰው በአንድ ሩጫ አንደኛም ሰባተኛም ሊወጣ ስለማይችል፣ የአንድ አበበ መላምት እዚያው ሮም ላይ ተቀብሯል። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን በመንገዱ ዳር ቆሞ «በርታ አበበ!» ብሎ ከነበረ፣ የትኛው አበበ እንደሰማው ከውጤቱ መረዳት ይቻላል።

ሰባተኛው አበበ ለጥናታችን ከአንደኛው ይበልጥ ይጠቅማል። ሰባት ለኦሎምፒክ ማራቶን ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ በስንቱ አገር መንገድ ይሰየምበት ነበር። እሱ ግን በዚያች ምሽት ሁለት ነገር ገጠመው፤ ብዙ ሰው ቀደመው፣ ከቀደሙት አንዱም ስሙን ይዞበት ሄደ። ዛሬ «በሮም የሮጠው አበበ» ሲባል የሚጠይቅ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ አበበ ቢቂላ ስታዲየም አለ፤ አበበ ዋቅጅራ ግን ስሙ እንዲነሣ ከተፈለገ ከነአባቱ መጠራት አለበት። ፖድካስተኛ ብሆን መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነበር። ታዋቂው ሞክሼ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሌላው የት እንደሚቀመጥ ከእሱ በላይ የሚያስረዳ አይገኝም።

ከሮም በኋላ ሦስት ወር እንደሞላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ ጉዳዩ ከበድ አለ። የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የወርቅ ባለቤቱ አበበ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበር፤ አመፁን ካስነሣው ጦር ደመወዝ ይበላል። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ደግሞ ከታገቱት ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ከተገደሉት መካከል ሆኑ። ዛሬ ግቢው የዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስድስት ኪሎ። በዚያ ሳምንት አንድ ስም በሁለቱም ወገን ነበር፤ ማንም ግን ይህን ልብ ያለ አይመስልም፣ ሰው ሌላ የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው። ሁለቱን አበበ በአንድ ስቱዲዮ ያስቀመጠ አዘጋጅ «ሁለታችሁም አበበ መሆናችሁን ስታስቡት ምን ይሰማችኋል?» ብሎ እንደሚጀምር ግን ጥርጥር የለውም።

አበበ ብዙ ሰው መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ቀጣዩ ጥያቄ እንዴት ይለያል የሚለው ነው። የቀድሞዎቹ መኳንንት ችግሩን በፈረስ ፈትተውት ነበር። ራስ መኮንን አባ ቃኘው ሲባሉ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባሉ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ሲባሉ ሌላ መኮንን፣ ሌላ ባልቻ ወይም ሌላ ሀብተ ጊዮርጊስ ከእነሱ ጋር አይምታታም፤ ፈረስ ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃላ። ፈረሱ በሞባይል ሲተካ ሥርዓቱ አልጠፋም፤ ስልክ ውስጥ ገባ። የማንንም ስልክ ቢከፍቱ አበበ ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሰው አያገኙም። አበበ ቧንቧ አለ፤ አበበ ጋራዥ አለ፤ አበበ ኮንዶሚኒየም አለ። አበበ አታንሣ የሚባል አለ፤ ይህ ከሙያ ይልቅ ምክር ነው። አበበ አዲሱ ደግሞ ያው የዱሮው አበበ ሲም ካርድ ቀይሮ ስለሆነ፣ በአንድ ስልክ ውስጥ ለራሱ ሞክሼ የሆነ ሰው ይገኛል።

መንግሥት በዚህ ሁሉ ተስፋ ቆርጧል። መጀመሪያ ቅጽ ላይ ስም ከነአያት እንዲሞላ አዘዘ፤ ይህም ለአያት ክብር ሲባል ይመስላል እንጂ የአበበ ከበደ ብዛት ያመጣው ጣጣ ነው። አያትም አልበቃ ሲል የፋይዳ 12 አኃዝ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱ አበበ ከሌላው አበበ በማያሻማ መንገድ ተለየ። ፖድካስት ላይ እንግዳን በፋይዳ ቁጥሩ የሚያስተዋውቅ አዘጋጅ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ከሞክሼነት በራሳቸው ጥረት ያመለጡም አሉ። አበበ ቶላ ሽሙጥ ሲጽፍ አቤ ቶኪቻው ሆኖ ወጣ፤ ሌላ ቶኪቻው ስለሌለ ጉዳዩ አበቃ። ተዋናዩ አበበ ባልቻ ደግሞ ሳይፈልግ ነው ያመለጠው፤ «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አስናቀን ሆኖ ከተጫወተ በኋላ መንገድ ላይ የሚያየው ሁሉ አስናቀ ስላለው አሁን ችግሩ ከአስናቀዎች ጋር ነው።

መስፈርታችን አንድ ከባድ ጉድለት እንዳለበት የታወቀው በዚህ መካከል ነው። አበበ የተባለ ይግባ ስንል አበበች ጎበና ከበር ቀሩ። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ ወሎ ውስጥ ረሃብ ወላጆቻቸውን የነጠቃቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ የተመለሱ፣ ቀጥሎም የሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋሙ ሴት ናቸው። ከእንግዶቹ ሁሉ የሚደመጥ ነገር የነበራቸው እሳቸው ሳሉ በአንዲት «ች» ምክንያት ተጣሩ። ሳይንስ አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ወደ ውጭ አገር ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ባሕር ማዶ ግን የሚጠራው በመጨረሻው ስም ስለሆነ አባትየው ይመጣሉ። ሜሪላንድ የተወለደችው የአበበ ልጅ ትምህርት ቤት «ሚስ አበበ» ተብላ ትጠራለች፤ ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ያለ የሌላ አበበ ልጅም እንደዚያው። ሁለቱ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ሲገናኙ ባልደረቦቻቸው ዘመዳሞች መስለዋቸው ገናን አብረው ያከብሩ እንደሆነ ይጠይቋቸዋል። አበበ የአንድ ሰው ስም ሆኖ ከአገር ወጥቶ፣ እዚያ ደርሶ የጎሳ ስም ሆነ።

የዚህ ታላቁ ሰለባ አበበ ቢቂላ ራሱ ነው። ዓለም በሙሉ «ቢቂላ» ይለዋል። ቢቂላ አባቱ ናቸው፤ ሮምም ቶኪዮም አልሮጡም። ልጃቸው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆይቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ የውጭ ጋዜጠኞች በማግስቱ ያመሰገኑት አባትየውን ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቪብራም የተባለው የጣልያን ኩባንያ ጣት ጣቱ የተለያየ የሩጫ ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» ብሎ ሰየመው። ስለዚህ ሮም ላይ ያለ ጫማ ባሸነፈ ሰው አባት ስም ጣልያኖች ጫማ ሸጡ። ቤተሰቡ በ2007 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። ጫማው በአግባቡ «አበበ» ተብሎ ቢሰየም ኖሮ ኩባንያው ማንን እንደሚጠቅስ ግራ ይገባው ስለነበር፣ የአባት ስም መምረጡ ከንግድ አንጻር ብልህነት ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ስቱዲዮው እንግባ። ሐሳቡን በወረቀት ላይ ሞክረነዋል፦ አንድ ፕሮፌሰር አበበ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አበበ፣ አንድ የሪል እስቴት ሻጭ አበበ በተከታታይ ሳምንታት ይቀርባሉ። አዘጋጁ ለሦስቱም «እስቲ ከልጅነት እንጀምር» ይላል። ፕሮፌሰሩን «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ በሃያኛው ደቂቃ «አንተ» ይላቸዋል፤ የቧንቧ ሠራተኛውን «አንተ» ብሎ ጀምሮ በቀን ስንት እንደሚያገኝ ሲሰማ «እርስዎ» ይላል። የሪል እስቴቱ አበበ ግን ከመነሻው እስከ መጨረሻው «ወንድሜ» ነው፤ ስፖንሰሩ እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው የጥናቱ ዋና ግኝት ነው። ሦስቱም ጭንቅ ያለበት ልጅነት አላቸው። ሦስቱም እናታቸው ጠላ ሸጣ አሳድጋቸዋለች፤ የፕሮፌሰሩ እናት መምህርት እንደነበሩ ብናውቅም በአርባኛው ደቂቃ ላይ ትንሽ ጠላ መሸጣቸው አልቀረም። ሦስቱም አንድ ደግ ሰው አጋጥሟቸዋል፤ ሦስቱም «ጨለማ ጊዜ» አሳልፈዋል፤ እዚህ ላይ ፒያኖ ይገባል። ከዚያ «ለወጣቱ ምን ትመክራለህ?» ይባላል፤ ወጣቱም ተስፋ እንዳይቆርጥ ይመከራል። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ አንድ ቃል ስለ ቧንቧ ሳይጠየቅ ይወጣል። ግፊቱ ለምን ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ፣ በቀለበት የተጠበቀ መጋጠሚያ ለምን እንደሚያፈስ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ሮቶ ሳይገዛ መኖር ይችል እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነበር። አድማጩም ፕሮግራሙን የሚሰማው ባልዲ ሞልቶ እየፈሰሰበት ነው።

እንግዶቹን ያመሳሰላቸው አበበ መባላቸው እንዳልሆነ ለማረጋገጥ፣ ያንኑ ጥያቄ ከበደ፣ ጫላና ሃና ለተባሉ እንግዶች አቅርበናል፤ በወረቀት። መልሳቸው ከአበበዎቹ መልስ በምንም አይለይም፤ የሃና እናት ብቻ ጠላውን ትታ እንጀራ ጋግራለች። ታዲያ ሞክሼ እንግዳ ለማግኘት ስም መፈለግ ድካም ነው፤ ማንንም ጠርቶ ያንኑ መጠየቅ ይበቃል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም አበበ ሆኖ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ተከታታዩ በአበበ ከቀጠለ እንግዳ ስለማያልቅ ለአዘጋጁ የሚመከር ነው። ሙላቱ በሚለው ስም ለመጀመር ያሰቡ አሉ ተብሎ ስለሚጠበቅ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል። ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ አባት ናቸው፤ ሙላቱ ተሾመ ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ዝነኛ ሙላቱ አይገኝም። በሁለት ክፍል ያልቃል፤ ስፖንሰሩ ደግሞ የፈረመው ለአሥራ ሁለት ነው።