የጋይንቱ እንቁላል

ለአጎቴ ተዝካር ጋይንት ሄጄ በማግስቱ የዳይኖሰር እንቁላል አገኘሁ።

የጥፋቱ ግማሽ የቤተ ልሔም ነው። የድጓ መምህራን ከሚያስመሰክሩበት ከዚያ ደብር ጠዋት ተሳልሜ ነበር። ከውጭ ሲያዩት እንደ ብዙው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ሣር ክዳን ነው። ውስጡ ግን ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የሠሩት ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጓል። ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ፈረንጅ በእነሱ አቆጣጠር በ1955 ገብቶ አይቶ ጉድ ብሏል። ክብ ነገር ሆዱ ውስጥ ጥንታዊ ነገር እንደሚደብቅ ባይኑ ያየ ሰው፣ ድቡልቡል ድንጋይ ሲያገኝ እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል?

አክስቴ ጓሮ፣ ከዳሱ ጀርባ፣ ሦስት ድቡልቡል ድንጋዮች ተፋጠው ተቀምጠዋል። መሐላቸው አመድ አለ። የእሳተ ገሞራ አመድ ነው አልኩ ለራሴ። ጎጆውም እነሆ! አንዱን አነሳሁት፤ የዓመት ልጅ ይከብዳል። ላዩ እንደ ቅርፊት ይላጣል፣ አንድ ጎኑ ከስሏል። በጋቢ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ድረስ ጭኔ ላይ ታቀፍኩት። የአውቶቡሱ ረዳት «ዕቃውን ላይ ልጫንልህ?» ቢለኝ «ይሰበራል» አልኩት።

ጂኦሎጂስት ወዳጄ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ብዙም አልቆየም።

«ዛጎሉ የታለ?»

የላይኛውን ልጣጭ አሳየሁት። የእንቁላል ዛጎል፣ አለ፣ ከኖራ ማዕድን የተሠራ ስስ ነገር ነው፤ የሰጎን እንኳ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ጽንሱ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎችም አሉት። ደግሞ ሚሊዮን ዓመታት አፈር የተጫነው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ይጨፈለቃል እንጂ እንዲህ ሎሚ መስሎ አይወጣም። ብዙ ሰው እንቁላል ብሎ የሚያመጣው፣ አሸዋና ጭቃ ድንጋይ በሚሆንበት ጊዜ ማዕድን በቅጠል ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት ዙሪያ እንደ ልቃቂት እየተጠቀለለ የሚሠራውን ድቡልቡል ነው።

«የኔ ልቃቂት ነዋ?»

እሱም አልሆነልኝም። የኔ ተራ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ ማዕዘኑን ከየአቅጣጫው ይበላዋል፣ ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይከብባል። ያገራችንን ደጋ የሸፈነው ባዛልት በብዛት የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ዳይኖሰሮች ካለቁ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ የኔው ግን ጣይዋ ካለቀች ከ36 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው የተወለደው።

ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ከባዛልቱ በታች ባለው የሙገር ጭቃ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውን ነገረኝ። ጥርስ ምን ያደርግልኛል?

«አዋቂዎቹም ተሳስተዋል» ብሎ ቀጠለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 ሞንጎሊያ ውስጥ እንቁላሎች ተገኙ፤ እላያቸው ላይ የሞተችውን ዳይኖሰር የሰው እንቁላል ስትበላ የተያዘች ነው ብለው ኦቪራፕተር፣ እንቁላል ሌባ፣ አሏት። ከ70 ዓመት በኋላ በዚያው ዓይነት እንቁላል ውስጥ ጽንስ ሲገኝ፣ ጽንሱ የእሷው ወገን ሆነ። ምስኪን፣ የገዛ እንቁላሏን ታቅፋ ነው ስሟ የጠፋው።

ከዚያ የከሰለውን ጎን በጣቱ ጠረገና አሸተተው። «ይኼ ጥላሸት ነው። ከየት አነሳኸው?»

ማታ አክስቴ ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ጠይቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ከተዝካሩ ወዲህ አንዱ ጉልቻዬ ጠፋ። ጋን የሚያህለው ድስት እያነከሰ አስቸገረኝ። ሲወስድ ያየኸው ሰው የለም?»

«አላየሁም እታበባ።»

«ምን ዓይነት ሌባ ነው» አሉ፣ «ዶሮዎቹን እዚያው ትቶ ድንጋይ የሚሰርቅ?»