ጉዳዩ፦ የአቃቂ ዴልታ የአንድ ቀን የጀልባ ጉብኝት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ሰው ገንዘቡን ከስክሶ ቦትስዋና ድረስ ይሄዳል አሉ። ኦካቫንጎ የሚባለው ወንዝ ከአንጎላ ወርዶ፣ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ላይ ተበትኖ ዴልታ ይሠራል፤ አስጎብኚው በቀጭን ጀልባ ቄጠማውን እየሰነጠቀ እንግዳውን ሲያዞር ይውላል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2014 1000ኛው የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ባሕር አለመድረስ ካስመዘገበማ እኛ ምን ጎደለን? ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሚከተለው ጉብኝት እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

መሳፈሪያው አቃቂ ድልድይ ሥር ነው። የውኃው ቀለም እንደ ዕለቱ ስለሚለያይ አስቀድመን ቃል አንገባም፤ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካዎች የሥራ ፕሮግራም ይወስነዋል። ልጆች እንዳይሰለቻቸው ውድድር አዘጋጅተናል፦ የሚንሳፈፈውን ሃይላንድና ፌስታል አይቶ ከየትኛው ክፍለ ከተማ እንደመጣ ላወቀ ሽልማት አለው። ሌላ አገር አስጎብኚ ተረት ያወራል፤ የእኛው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ያነባል።

ምሳ ከወንዙ ዳር ማሳ የተቀጠፈ ሰላጣና ቆስጣ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ውኃ በሚጠጡ አትክልቶች ውስጥ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ አገኘን ብለው ደጋግመው ጽፈዋል። እኛ “በማዕድን የበለጸገ” ብለን እናስተዋውቀዋለን። ፈርቶ የማይበላ እንግዳ ቢኖር አንከፋም፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ያው ሰላጣ ከጉልት ተገዝቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ይጠብቀዋል።

ከሰዓት በኋላ አባ ሳሙኤል እንደርሳለን። እዚህ ላይ ሹፈቴን ላፍታ ልተወው፤ ቦታው በእውነት ያምራል። የአቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረግ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአእዋፍ አስፈላጊ ተብለው ከተመዘገቡ ስፍራዎች አንዱ ነው። ክረምታቸውን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች ያለ ቪዛ፣ ያለ አስጎብኚ፣ ያለ ማስታወቂያ በየዓመቱ ይጎበኙናል። መሥሪያ ቤታችሁ በቱሪስት ቁጥር ውስጥ ይቁጠራቸው አይቁጠራቸው አላውቅም።

ጀልባው እዚያው እምቦጭ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ታየ ተብሎ ስንት ዘመቻ ተጠራ! የአዋሽ ተፋሰስ ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያውቀዋል። የተቀረቀረ እንግዳ፣ ከሀገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነውን የአባ ሳሙኤልን ጣቢያ በሩቁ ያደንቃል። 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

ስለ ዋጋው። በ2011 ዓ.ም. “ሸገርን ማስዋብ” የተባለው ፕሮጀክት ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ፣ በ29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነበር። ለእሱም በግንቦት ወር በአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተበላ። እኛ የመጨረሻው ፌርማታ ነን። ላይኛው ዳርቻ ፓርኩን፣ ፏፏቴውን፣ ሙሽሮችና ፎቶ አንሺዎችን አግኝቷል፤ ደስ ብሎናል። ውኃው ግን ፎቶ ተነሥቶ ሲያበቃ እዚያ አይቆምም፤ የከተማውን ጣጣ ተሸክሞ ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ የእኛ ቲኬት 5 ሚሊዮን አይደለም። ለባለሥልጣናትና ለፋብሪካ ባለቤቶች ነፃ ነው፤ የፊት ወንበር፣ አፍንጫ መሸፈኛ ሳይጨመር።

ፈቃዱ እስኪደርሰኝ ጀልባዋን ቀለም እያስቀባሁ እጠብቃለሁ። የትኛውንም ቀለም ብቀባት ወንዙ በኋላ ያስተካክለዋል።

ከሰላምታ ጋር
የወንዛችሁ ልጅ
አቃቂ

ግልባጭ፦
ከወንዙ በላይ ለሚኖሩ ሁሉ፤ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሲጨርሱ ወንዝ ውስጥ እንዳይጥሉት አደራ። ይደርሰናል።