የንፋስ ወንፈል አዋጅ ቁጥር 1/3

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን አስፋልት ለአስፋልት የምትነዳ ሁሉ፣ ባለ ውድድር ብስክሌትም ሆንክ ባለ ፊኒክስ፤

ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የመንገድ ውድድር በግሉ 24ኛ ወጥቶ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በቡድን 9ኛ በመሆኑ፣ መተባበር ቁጥር እንደሚያሳንስ ሌላ ማስረጃ ስለማያሻ፤

ሰው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ብስክሌተኛ ከድካሙ እስከ ሲሶ ሊተርፈው እንደሚችል ስለታወቀ (የአዋጁም ቁጥር ከዚሁ የመጣ ነው)፤

የሰው ደቦ ላይ ጠላውን ጠጥቶ የራሱ ተራ ሲደርስ «ወገቤን» የሚለው ሰው፣ ወንፈል ባደገበት በጎጃም ምድር፣ አሁን ደግሞ በሁለት ጎማ ስለመጣብን፤

የሚከተለው ታውጇል።

ከኋላ መጠጋት ሌብነት አይደለም፤ ንፋሱ የእግዜር ነው። ሌብነቱ የሚጀምረው ተራ ሲደርስ ነው። ከፊት ያለው ክርኑን ወዝወዝ አድርጎ «ተካኝ» ሲልህ ድንገት የጫማ ክር መመርመር፣ ሰንሰለት ማዳመጥ፣ ባዶ ጠርሙስ መጥባት የተከለከለ ነው።

ትንፋሹ ያለቀበት፣ ገና የሚለማመድ፣ ወይም የቡድኑ ልጅ ከፊት ያመለጠለት ሰው ከኋላ ቢቀመጥ አይከሰስም። ሆኖም «ሞቻለሁ» ብሎ ምሕረት የተቀበለ፣ በመጨረሻው 200 ሜትር ከሞት ሊነሣ አይፈቀድለትም።

ከፊት ያለውም ንጉሥ አይደለም። ጉድጓድና የገበያ አህያ ሲያይ በእጁ ያመለክታል። ኋላውን ሳያይ አይናፈጥም። (ይህ የገባው የአንድ አርቃቂ መነጽር ላይ ከደረሰው ነገር በኋላ ነው፤ ዝርዝሩ ለጤና ሲባል ቀርቷል።)

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን በሚያወጣው ዳገት ይህ አዋጅ አይሠራም። እዚያ ፍጥነት ስለሌለ የሚጋረድ ንፋስ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ሥጋውን ራሱ ይሸከማል። በዚህ ተስፋ ቆርጦ የአይሱዙ ካሶኒ መጨበጥ በዓለም አቀፉም የውድድር ደንብ ክልክል ነው። ከአይሱዙ ጋር ወንፈል የለም፤ ተራህ ሲደርስ ልትጎትተው አትችልምና።

ይህን አዋጅ የሚቃረን ልማድ፣ «ብልጥ ነው» የሚለው ምስጋና ጭምር፣ ተሽሯል።

አንተ ባለፈው እሑድ ከሉማሜ ጀምሮ ጀርባዬ ላይ ተለጥፈህ፣ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ፈገግ ብለህ ያለፍከኝ ወንድሜ፦ ይህ አዋጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል። የሻይ ሒሳብ አልጠይቅህም። የፊታችን እሑድ ሉማሜ ላይ እንገናኝ፤ ከፊት አንተ ነህ።