ስለ ማስታወቂያ ጀማሪዎችና ስለ ኩርሙክ ሕዝብ ሳቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በሙያው ጀማሪ፣ በምኞት አንጋፋ፣ የባጃጅ ሞንታርቦ የበላይ ጠባቂ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠን አሶሳ ያደርን፣ ከዚያም ወደ ቆላው ወርደን ኩርሙክ የገባን፤ ሙቀቱ ላፕቶፓችንን ቢያጠፋብን ዛፍ ሥር ቢሮ ከፍተን በእስክሪብቶ የቀጠልን፤ የማስታወቂያ ጽሑፍ ደራሲ፤

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ የሚያስነግረውን ሲከለክል፣ ማስታወቂያ ሰምቶ ሳቅ የሚነፍገውን ግን በዝምታ በማለፉ፤

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶ፣ ለቀልድ ደህና ገንዘብ የሚከፈልበትን በር በመዝጋቱ፣ ጀማሪው ሁሉ ወደ ሳሙና፣ ወደ ቆርቆሮና ወደ ሪል እስቴት በመበተኑ፤

የኩርሙክ ሕዝብም ማስታወቂያችንን በጥሞና አዳምጦ ሲያበቃ ጥያቄ መጠየቅ በመጀመሩ፣ ይህም ለሙያው ህልውና አስጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ፣ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም ካላሰጠው በስተቀር፣ “በዓይነቱ ልዩ” ማለት ጎረቤት ሱቅ ካለው ጋር በአንድ ካርቶን የመጣ ዕቃ ነው። “ጥቂት ቀናት ብቻ ቀሩት” ማለት ታፔላውን ፀሐይ በልቶ እስኪጨርሰው ድረስ ያለው ጊዜ ነው። “ታላቅ ቅናሽ” ማለት ማታ የተጨመረው ጠዋት ሲቀነስ ነው። “ጀማሪ” ማለት እነዚህን ቃላት አምኖባቸው የሚጽፍ ሰው ሲሆን፣ “አንጋፋ” ማለት ሳያምንባቸው የሚጽፍ ነው። በንጉሡ ዘመን ሙያውን ከጀመሩት ከእነ ውብሸት ወርቅአለማሁ ወዲህ ስንት አንጋፋ እንደ ተፈጠረ እግዜር ይቁጠረው፤ እኛ ግን ገና እናምናለን።

አንቀጽ 2፤ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በኩርሙክ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ይሁንና ኩርሙክ ሁለት ናት፤ አንዷ እዚህ፣ ሌላዋ እዚያው ድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ። ስማቸው አንድ ነው፤ ሞንታርቦ ደግሞ ቪዛ አይጠይቅም። አዋጁ ግን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ማዶ ሆኖ የሚያደምጥ ሰው የመሳቅ ግዴታ የለበትም።

አንቀጽ 3፤ ስለ እትዬ አልማዝ

በሬዲዮ ማስታወቂያ ሕግ አንዲት ሴት ሌላዋን መንገድ ላይ አግኝታ መደንገጥ እንዳለባት የታወቀ ነው። ስለሆነም ለአንድ ሱቅ ሳሙና እንዲህ ስንል ጻፍን፦

“ውይ እትዬ አልማዝ! ነጠላዎ እንዴት ነው እንዲህ የነጣው?”

“አልሰማሽም እንዴ ልጄ!”

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት፤ አቀረቡት፤ ከዚያ አጥፈው ሚዛኑ ላይ አኖሩት።

“አንተ ልጅ፣ ይቺ አልማዝ የማን ልጅ ናት?”

“የማንም አይደለችም፣ ሐጂ። የማስታወቂያ ሰው ናት።”

“እዚህ ሳሙና የሚገዙትን አውቃቸዋለሁ። ዱቤ ያለባቸውንም አውቃቸዋለሁ። አልማዝ የምትባል የለችም። ደግሞ የእኛ ሴቶች የሚለብሱት ቶብ ነው፤ ቀይ አለው፣ ብርቱካን አለው፣ አረንጓዴ አለው። ሳሙናህ ቶቧን አነጣላት ብለህ በሞንታርቦ ስትለፍፍ ሴትየዋ መጥታ ‘የቶቤን ቀለም ክፈለኝ’ ብትል ማን ሊከፍል ነው?”

ይህ ንግግር የፈጠራ ሥራን የሚያቀጭጭ ሆኖ ተገኝቷል። ቢሆንም ማስታወቂያው ተነገረ። በገበያው ቀን ሦስት ሴቶች ሱቁ ድረስ መጥተው ስለ እትዬ አልማዝ ጠየቁ፤ አንዷ ዘመድ መስላት፣ አንዷ ታማ እንደሆነ ለመጠየቅ፣ አንዷ ደግሞ ያበደረቻት ሌላ አልማዝ ኖራ። ሳሙና የገዛ የለም።

ስለዚህ እትዬ አልማዝ ከዛሬ ጀምሮ የኩርሙክ ነዋሪ ተብላ ትቆጠራለች። የቀበሌ መታወቂያ እስክታወጣ ድረስ ግን ዱቤ አይሰጣትም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ማንጎ

በአሶሳ ዞን ማንጎን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ስለሆነ ክልክል ነው። ግቢው ውስጥ ማንጎ ላለው፣ በወቅቱም የወደቀውን ለቅሞ መጨረስ ለደከመው ሰው፣ “እጅግ ጣፋጭ ማንጎ ደረሰ!” ብሎ ማወጅ በሰው ድካም ላይ መቀለድ ነው።

ይህን ክልከላ ለመዝለል የውጭ ተሞክሮ መቅሰምም አይፈቀድም። እርግጥ በ1960 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ የነበረው ዶይል ዴን በርንባክ የተባለ ድርጅት የቮልስዋገንን መኪና “እንከን አለባት” ብሎ በኅትመት አውጥቷል። ከሥር ባለው ጽሑፍ ተቆጣጣሪው በአንዲት ጌጥ ላይ ጉድለት አይቶ መኪናዋን እንደ መለሳት ሲነገር፣ አንባቢው “እንዲህ የሚጠነቀቁ ከሆነማ!” አለ፤ ቮልስም በአሜሪካ ተሸጠች። እኛም ይህን አንብበን “ማንጎዋችን ቃጫ አለው፤ ጥርስዎ ውስጥ ይገባል” ብለን ለአንዲት ነጋዴ ጻፍን። ነጋዴዋ ሰማችና ጆሮዋን አላመነችም። “ይህን ለማለት ነው እኔ ልከፍልህ?” አለች፤ “ይህንንማ ተፎካካሪዬ በነጻ ይልልኛል።” የኒው ዮርክ ሰዎች ይህን አላሰቡበትም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ወርቅ

ይህ ምድር ወርቅ ሲታጠብበት የኖረ ነው። የአሶሳው ገዥ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ለአፄ ምኒልክ ወርቅ ሲገብሩ ማንም “ከ24 ካራት ብቻ!” ብሎ አልጮኸላቸውም። ይልቁንም አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር በስማቸው ቀረና እስከ ዛሬ የታክሲ ረዳት በየጠዋቱ “ሾጎሌ! ሾጎሌ!” እያለ ያለ ክፍያ ያስተዋውቃቸዋል። የማስታወቂያ በጀት ሳይኖር ከመቶ ዓመት በኋላም የሚሠራ ዘመቻ ይህ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ለደንበኛ ማስረዳት ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ሼህ ኾጀሌን መሆን ይጠይቃል።

በአሁኑ ጊዜም የኩርሙክ ስም፣ ቶሮንቶ የአክሲዮን ገበያ በገባው በአላይድ ጎልድ የወርቅ ፕሮጀክት ምክንያት፣ ከተማዋን በካርታ ላይ ማሳየት በማይችሉ ባለሀብቶች አፍ ይጠራል። ወርቅ አጣቢው ግን ገበቴውን እያወዛወዘ ውሃው ውስጥ ቆሟል። እሱን “ሕይወትዎ በወርቃማ ዕድል ይለወጥ!” በሚል ጽሑፍ የቀረበ ጀማሪ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ቀን እንዲያጥብ ይፈረድበታል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ጥድፊያ ቃላት

“ይፍጠኑ!”፣ “እንዳያመልጥዎ!”፣ “ዛሬውኑ!” የሚሉ ቃላት በኩርሙክ አይነገሩም። ማዶ በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ልጅ አዝለው ፍራሽ ተሸክመው በዚህች ከተማ በኩል የገቡ ሰዎች አሉ። እነሱ ፈጥነው ያውቃሉ። ይህ አንቀጽ ማብራሪያ አይወጣለትም።

አንቀጽ 7፤ ስለ ቋንቋ

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ቤት ውስጥ በርታኛ፣ ገበያ ውስጥ ደግሞ ዐረብኛው ይበዛል። በመሆኑም ማናቸውም የቃላት ጨዋታ በአማርኛ ተጽፎ፣ በባጃጅ ሾፌሩ አማካይነት ወደ ሁለቱ ይመለሳል። በዚህ አሠራር ሁለት ገጽ የሞላው የሳሙና ድርሰታችን፣ ሰም ከነወርቁ፣ በሾፌሩ አፍ የሚከተለውን ሆኖ ወጣ፦ “ሳሙና አለ። ሐጂ ጋ ነው። ዋጋው የትናንቱ ነው።”

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴትዮ “የትናንቱ! ደግሞ የትናንት ዋጋ አለ እንዴ በዚህ አገር?” እያለች ወደ ሱቁ ገባች፤ ሌሎቹም ውሸቱን ለማጋለጥ ተከተሏት። ዋጋው የትናንቱ ሆኖ ተገኘ። ካርቶኑ እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ።

ሾፌሩ ያለ ፈቃድ ጽሑፍ በማሳጠር ወንጀል ክስ ተመሥርቶበታል። በሌላ በኩል ሐጂ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ እሱ እንዲጽፍ፣ እኛም ባጃጁን እንድንነዳ ሐሳብ አቅርበዋል። ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው። የኮሚቴው አባላት ሐጂና ሾፌሩ ናቸው።

አንቀጽ 8፤ ቅጣት

ማስታወቂያ ሰምቶ ያልሳቀ፣ ስልክ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ እስኪደገም ቆሞ እንዲያዳምጥ ይደረጋል። ሳይጠየቅ የሳቀ በምስክርነት ይያዛል። ሳሙናው እውነት ይነጻ እንደሆነ የጠየቀ ግን ለደራሲው በቀጥታ እንዳይቀርብ ተከልክሏል፤ ሐጂን ይጠይቅ።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ የሚፀናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በሞንታርቦ ከተነገረበት ሰዓት ጀምሮ የፀና ይሆናል። ባጃጁ ቤንዚን ስለሌለውና በሃይላንድ የሚሸጠው ዋጋው የትናንቱ ስላልሆነ፣ ሰዓቱ ወደፊት በማስታወቂያ ይገለጻል።