አየር ለተራበ ተርቦ

«ለሽማግሌ የጎረምሳ ልብ ብታስገባለት ጉልበቱ ይከዳዋል» አሉኝ አያ፣ የቆመችውን ሃይሉክሴን በከዘራቸው ነካ እያደረጉ። ኮፈኗ ክፍት ነው፤ አሮጌ ሞተሯን አውጥቼ በሌላ እየቀየርኩላት ነው። ሳምንት ሙሉ በአምባ ጊዮርጊስ ያለፈ ያገደመ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አይቷታል፤ አይቶም የሚለው አላጣም።

«አያ፣ ጉልበቱስ ደህና ነው። የደከመው ሳንባው ነው» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። መኪናው ጎንደር ላይ ሲነሳ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮሶዬን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ 3,000 ሜትርን ሊነካ ምንም አልቀረው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ነው። ናፍጣ ደግሞ ያለ አየር አይነድም። ስለዚህ ያ አሮጌ ባለ 2.8 ሊትር፣ መካኒኮች «ሦስት ኤል» የሚሉት ሞተር፣ ፒስተኑም ፖምፓውም ደህና ሆኖ ሳለ፣ ከጉልበቱ ሩቡን፣ አንዳንዴም ሲሶ የሚጠጋውን ለወገራ ደጋ ገብሮ ነው የሚሄደው። አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ድንች ተጭኖበት ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት የሰማ «አርጅቷል» ይላል። አላረጀም። አየር ተርቦ ነው።

«ተርቦ ከሆነ ታዲያ ምን አበላኸው?»

«ተርቦ!»

አያ ሳቁ፤ እኔ ግን መልሴን አልጨረስኩም። ተርቦ ማለት በከንቱ ሊወጣ የነበረ ጭስ እግረ መንገዱን ማራገቢያ አሽከርክሮ ለሞተሩ አየር አጭቆ የሚያጎርስበት ዕቃ ነው። አዲሱ ሞተር፣ ቶዮታ «ሁለት ኬዲ» የሚለው፣ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ከአሮጌው ያንሳል። የሚጎትትበት ኃይል ግን 260 ኒውተን ሜትር ደርሷል፤ አሮጌው ከ190 ብዙም አያልፍም። ያንንም የሚሰጠው ሳይጮኽ፣ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ ሆኖ ነው። ቆላ ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው፤ እኛ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ በሳሳ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ለዚህ ነው ሞተር መቀየር ለአዲስ አበባ ሰው አምሮት፣ ለእኛ ግን እህል ማመላለሻ ነው የምለው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከምትለፋ አዲስ አትገዛም? ያውም አውቶማቲክ!» አለኝ ቱሪስት የሚያመላልሰው ወጣት ሹፌር።

«አዲሱ በየት በኩል ይምጣ?» አልኩት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ነው። የእኔዋ ሻንሲዋ አልዛገም፣ ካምቢዮዋ አልተነካም፣ ባሌስትራዋ ስንት ገብስ ተሸክሞ አልተሰበረም። እንዲህ ያለችውን ለቁራጭ ብረት ሰጥቼ፣ የማልችለውን ዋጋ ለመክፈል ዕድሜዬን ልበደር?

«አውቶማቲኩስ?»

«ማርሽ እጄና እግሬ የሚያውቁት ነገር ነው። ሊማሊሞ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ያልኩት ሁለተኛ ላይ ይቆይልኛል፤ ማንም ሳያማክረኝ አይቀይርብኝም።»

ረዳቱ በበኩሉ ነገሩን አቃለለው። «ፈትቶ መክተት ነዋ!» አለ።

«መፍታቱ የአንድ ቀን፣ ማስማማቱ የሳምንት ነው» አልኩት። ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት አፍ ልክ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቶርኖ ቤት ሄዶ በመካከል የሚገባ ብረት ማስቆረጥ ይመጣል፤ በዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ጠመም ካለ የካምቢዮው ኩሺኔታ ይበላል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ለ190 ታስቦ የተሠራ ነው፤ 260 ሲመጣበት ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ራዲያተሩም የአሮጌው ነው። ሽቦው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ አሮጌው ሞተር ናፍጣ ከደረሰው ሌላ አይጠይቅም ነበር፣ አዲሱ ኮምፒውተር አለው፣ የነዳጅ መርገጫው ሳይቀር በሽቦ ነው የሚያናግረው። ሞተሩን ከነኮምፒውተሩ፣ ከነሽቦው፣ ከነመርገጫው ያልገዛ ሰው ግማሽ ሞተር ነው የገዛው።

«ኮምፒውተር ያለው ሞተር የእኛን የጀሪካን ናፍጣ ጠጥቶ ሊኖር?» አለች ቡና የምታፈላልን እህት።

«እታለም፣ ልክ ነሽ» አልኳት፤ ከሳምንቱ ተረብ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። አሮጌው ሞተር ሆደ ሰፊ ነው፤ ውኃ የነካው ናፍጣ ቢደርሰው አስነጥሶ ያልፋል። የአዲሱ ኢንጀክተር ግን ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ፀጉር በሚያህል ቀዳዳ ነው የሚረጨው። ጠብታ ውኃና የደቀቀ አሸዋ ያበላሹታል፤ ሲበላሽም ዋጋው የአንድ ዓመት ድንች ነው። ስለዚህ ውኃ የሚያጠል ሁለተኛ ፊልትሮ አስጨመርኩ። በየጠዋቱ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውኃ አፈሳለሁ። ማደያ ላይ ናፍጣ ከሌለ መኪናዋ ትቆማለች፤ ከመንገድ ዳር በርሜል አልቀዳላትም። ለዚህ ያልቆረጠ ሰው ያው ሦስት ኤሉን አሳድሶ ቢሄድ ይሻለዋል ስል አላፍርም።

«ልቡን ቀየርክ፤ ሊብሬውንስ?» ያለኝ ደግሞ አስተማሪው ነው።

«ልብ የተቀየረ እንደሆነ ሊብሬም ይቀየራል» አልኩት። የሞተር ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ቁጥሩ ካልገጠመ በዓመታዊው ምርመራም፣ ትራፊክ ባስቆመህ ጊዜም፣ መኪናዋን ልትሸጥ ስትልም ጭቅጭቅ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ሞተር ዋጋው ረከስ ያለ ነበር፤ ሻጩን «ዲክላራሲዮኑስ?» ብለው «ሞተር ነው የምሸጥልህ እንጂ ወረቀት አይደለም» አለኝ። «እኔ ደግሞ የምነዳው መኪና ነው እንጂ ጥርጣሬ አይደለም» ብዬው ወጣሁ። ሁለተኛውን በጉምሩክ ወረቀቱ ገዛሁ፤ ጨምሬ ነው የከፈልኩት፤ አልቆጨኝም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሞተሩ ተነሳ። ውርጭ የጣለበት ጠዋት ነበር። አሮጌው ካንዴሌታው እስኪግል ደቂቃ አስጠብቆ፣ ሰፈሩን በነጭ ጭስ ሸፍኖ ነበር የሚነሳው። አዲሱ በአንድ ቁልፍ ተነሳና ረግቶ መሥራት ጀመረ። አያ እንኳ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ጠጋ አሉ።

«በል እንግዲያ ዛሬውኑ ዛሪማ አውርደኝ» አሉኝ።

«ዛሬ አይሆንም አያ። የፍሬኑ ሸራ ነገ ነው ከጎንደር የሚመጣው።»

«ሞተሩ ይኸው ይሠራል! ምን ቀረህ?»

የቀረኝን ነገርኳቸው። ከደባርቅ በታች ያለው ሊማሊሞ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው ያ ጠመዝማዛ፣ ሽቅብ ሲሉት የሞተር፣ ቁልቁል ሲሉት የፍሬን መንገድ ነው። አሮጌው ሞተር ዳገት ላይ ቢያቃስትም ቁልቁለት ላይ በማርሽ ሲያዝ አጥብቆ ይይዝ ነበር። አዲሱ ሊትሩ አነስ፣ እመቃው ረገብ ያለ ነው፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ እንደ አሮጌው አይገታም። ያ የጎደለው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ደግሞ የጥንቱ ነው፣ ሸራው አልቋል፣ ዘይቱም ጠቁሯል። በዚያ ላይ አሁን ጉልበት አለ ብሎ አምስት ኩንታል የሚጨምር አይጠፋም።

«ታዲያ ሳምንት ሙሉ ስትመካበት የከረምከው ሞተር ምን ይሠራል?»

«ማውጣት ይሠራል፣ አያ። እርስዎ የሚሄዱት ደግሞ ወደ ታች ነው።»