ድሮ ፊደል ነበር፣ ዛሬ ፊንላንድ

እናንተ ወገባችሁን ይዛችሁ የምትነሡ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን ሙሉ የምታምሱ የዘመን ጓደኞቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። አንዲት ፍሬ ልጅ ማንበብ ለመማር ባንግላዴሽ ድረስ መሄድ አለባት? ፊንላንድስ ምን አላት? እኛን የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን ከአጥሩ ወዲያ አገር ይኑር አይኑር ማን ነገረን? ማንስ ጠየቀ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከልጄ ጋር ነው። የልጅ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። እናትና አባቷ ከሥራ የሚገቡት አምሽተው ስለሆነ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ የምሰየመው እኔ ነኝ። የንባብ ትምህርት ነው ሲሉኝ ፊደል የሚቆጠር መስሎኝ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ብቀመጥ፣ ከቦርሳዋ ምን ታወጣለች? ጀልባ! ልጆች በውስጡ የተደረደሩበት የጀልባ ሥዕል። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «ትምህርት ቤት ነው እኮ፤ አታውቅም እንዴ አባባ?» አለችኝ። («አንተ» ነው የምትለኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናለቅስበታለን።) አማተብኩ። ስምንተኛው ሺህ ይመጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ በጀልባ ይመጣል ያለኝ ግን የለም።

ለካ ዘንድሮ ንባብ የሚማሩት በየዓለሙ ስላሉ ትምህርት ቤቶች እያነበቡ ኖሯል። አገር ለአገር ያዞሯቸዋል፣ አዲስ ቃል ያስለቅሟቸዋል፣ ጥያቄ አውጡ ይሏቸዋል፣ ይባስ ብለው «የእናንተ ትምህርት ቤት ከነሱ በምን ይለያል? አስተያየታችሁን ጻፉ» ይሏቸዋል። ልጅ ደግሞ አስተያየት! በኛ ጊዜ አስተያየት የነበራቸው የኔታና አለንጋቸው ብቻ ነበሩ። አለንጋውስ ቢሆን እንዴት ያለ ነበር! ሲያርፍ እንኳ ልጄ ብሎ ነው የሚያርፍ።

ጀልባውን አልዋሹም፤ እውነት ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በየክረምቱ ጎርፍ መንገዱን እየዋጠው ልጆች ከትምህርት ሲቀሩ፣ መሐመድ ሬዝዋን የተባለ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ2002 ጀልባውን ራሱን ክፍል አደረገው። ጀልባው ልጆቹን ከየደጃቸው ይለቅማል፣ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ያስተምራል፣ መልሶ ያደርሳቸዋል። መብራቱ ከፀሐይ ነው። ይኼ ሁሉ ለምን? እኔም እኮ ወንዝ ተሻግሬ ነው የተማርኩ። ወንዙ ሲሞላ ማንም ጀልባ አልላከልኝም፤ ቤቴ እቀራለሁ፣ አለቀ። ክረምቱን ሙሉ ቀርቼ በመስከረም ስመለስ አንዲት ነገር አልረሳሁም ነበር። ገና ምን ተምሬ ምን እረሳለሁ?

በማግስቱ ልጅቷ ቦርሳዋን ሳታወርድ «የዛሬው የት ነው?» ያልኩት ለቁጥጥር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ሆነ። መሬቱ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት፣ የከብት አርቢው ልጅ ከጎረቤቱ የሚለየው በብዙ ኪሎ ሜትር ነው አሉ። ስለዚህ አሊስ ስፕሪንግስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 ትምህርት ቤቱን በሬዲዮ ከፈቱት። መምህሩ ከተማ ላይ ያወራ፣ ልጁ በረሃ ላይ ይሰማ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ይናገር ነበር። እንግዲህ በሬዲዮ ልጅ እንዴት ይቆነጠጣል? ጆሮ በሞገድ አይያዝ! እኔ ራሴ ይኼን ብሶት በቫይበር ድምፅ ለአገር ቤት ወዳጆቼ ልኬ፣ ሁሉም «ልክ ነህ፣ ትምህርት ፊት ለፊት ነው» ብለው በድምፅ መለሱልኝ።

ቀጥሎ ቻድ። ይኼ ጄምስ ረምፎርድ የሚባል ሰው የጻፈው የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ነው። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። መምህርቷ ጭቃ ታስቦካቸዋለች፤ ጡብ ይመታሉ፣ ግድግዳ ያቆማሉ፣ ሣር ይከድናሉ፣ ከዚያ ይማራሉ። ትምህርቱ ሲያበቃ ዝናቡ ይመጣና ቤቱን አጥቦ ይወስደዋል። በሚመጣው ዓመት እንደገና ከጭቃ! «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት፤ ንባቧ እንዲጠና ብዬ። ሦስተኛ ስታነብ ደከመኝ አለች። የዛሬ ልጅ ጽናት የለውም።

ጃፓኖቹን እንኳ ትንሽ ወደድኳቸው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ይወለውላሉ፤ ምሳም በየተራ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። እኛ ለየኔታ ውኃ ስንቀዳ፣ እንጨት ስንሰብር ማን መጽሐፍ ጻፈልን? «አየሽ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብዬ ስመክራት ካልሲዋን ሶፋው ሥር ጥላ ሄደች። አነሣሁት። የማነሣው ሁልጊዜ እኔ ነኝ፤ ታዲያ ይቺ ልጅ ሥራ የት ትልመድ?

ፊንላንድ ግን አቃጠለችኝ። ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሆነው አንደኛ ክፍል አይገባም፤ ሲጫወት ይከርማል። ከገባም በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ተምሮ ሩብ ሰዓት እንዲቦርቅ ይለቀቃል። ምሳው እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ነው። በነጻ! እኛ በአራት ዓመታችን ፊደል ጨርሰን፣ ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ ይዘን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቁራሽ ለምነን ነው የተማርነው። የሰዉ ደግነት! ውሻው ሳይቀር በዚያ ጊዜ ጨዋ ነበር፤ ነክሶ ሲያበቃ ይተዋል።

በኮሎምቢያ ላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ላ ግሎሪያ በሚባል ቦታ ሉዊስ ሶሪያኖ የሚባል መምህር መጻሕፍት በአህያ ጭኖ ገጠር ለገጠር እየዞረ ልጆች ያስነብባል። አህዮቹ ሁለት ናቸው፣ ስማቸው አልፋና ቤቶ። ለአህያ ስም! ደግሞስ የኛ የሐዋሳዋ የት ሄደች? ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አገሩ ገብቶ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ በኋላ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ አላዞረም? የሲኤንኤን ጀግና ተብሎ አልተመረጠም? እ.ኤ.አ. በ2008 እኮ ነው! ብድግ ብዬ ለመምህርቷ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ልጆቹን ይኼን ያህል ባህር ማዶ ማዞሩን ይተዉ፤ ሁለተኛ፣ ሐዋሳን ይጨምሩ።

ጠሩኝ። ሄድኩ፤ ልጄ እያስተረጎመችልኝ። መምህርቷ ለስላሳ ሴት ናት፣ ስትናገር ትስቃለች፤ መምህር የሚስቅበት ዘመን ላይ ደረስን። የነገረችኝ እንዲህ ነው። ፊደሉንና ድምፁንማ ከታች ክፍል ጀምሮ ያስተምራሉ፤ ግን ልጅ ቃሉን ስለጠራ ብቻ የተጻፈው አይገባውም፤ ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ አንድ ጥናት አለ አለች። ተመራማሪዎቹ ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ ለተማሪዎች ሰጡ። ከዚያ ትንሽ የሜዳ ሞዴልና የእንጨት ተጫዋቾች አቀረቡላቸውና «ያነበባችሁትን እያንቀሳቀሳችሁ አሳዩን» አሏቸው። ንባብ የሚከብዳቸው ግን ቤዝቦል የሚያውቁት፣ ንባብ ከሚችሉት ግን ቤዝቦል ከማያውቁት በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ልጆቹን በአንድ ጉዳይ ላይ ሰንበት አድርገው ብዙ ያስነብቧቸዋል፤ ጉዳዩም ልጅ ከሚያውቀው ቢነሣ ይሻላል፤ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤትን ያውቃል።

ይኼ ለኔ ምኑም አልገባኝም። እኔን ራሴን ውሰዱ። ጋዜጣ ላይ ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ የተጻፈ ነገር ባነብ ቃሉን ሁሉ አንበለብለዋለሁ፤ ምን እንደተባለ ግን እንጃ። ስለ ገና ጨዋታ የተጻፈ ከሆነ ግን፣ ዓይኔ ደክሞ ግማሹን እየዘለልኩ እንኳ፣ ሩሯን ማን መታት፣ ማን ጋር ደረሰች፣ ማንስ ተሰደበ፣ ከጸሐፊው ቀድሜ እነግራችኋለሁ። ታዲያ ይኼ ከቤዝቦል ጋር ምን አገናኘው? «አባዬ፣ እሷም የምትለው ይኼንኑ እኮ ነው» አለችኝ ልጄ። አይደለም አልኳት። ልጆች ወላጅ መስማት አቁመዋል።

ንባብማ የኛ ነበር። ሀ ሁ ሂ ይቆጠራል፤ 33ቱ በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ፊደል ነው፣ እነዚህ በ26 ፊደል ይንገዳገዳሉ። ከዚያ አቡጊዳ። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፤ መጀመሪያ በግዕዝ፣ ቀጥሎ በውርድ፣ ቀጥሎ በቁም ንባብ። ስንደዷችንን ከፊደሉ ላይ ሳናነሣ፣ ተነሹን አንሥተን፣ ወዳቂውን ጥለን፣ ሃያ ልጅ ሃያ ቦታ ላይ እየጮኸ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዷን ስሕተት ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ነቅሰው ያወጧታል! ከዚያ ዳዊት። ዳዊት የደገመ ልጅ ቤት ድግስ ይደገሳል፣ የኔታ ከራስጌ ይቀመጣሉ። ይኼ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አይገባንም ነበር። አንዲትም! የሚያስፈልገውም አልነበረም፤ ትርጓሜ ሌላ ቤት ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለቻለ። እነዚህ ግን ገና በሦስተኛ ክፍል ያነበቡትን መረዳት ይፈልጋሉ። ችኮላ!

እኔ እንኳ ሲገባኝ ለማየት አልቆየሁም፤ ከዳዊቱ መሐል ላይ ጠፋሁ። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው፤ እስከ ስምንት ዓመቴ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ያነበቡት ስለ ኬንያዊው ኪማኒ ማሩጌ ነው። ኬንያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነጻ ካደረገች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የ84 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ኤልዶሬት ላይ አንደኛ ክፍል ገባ። ዩኒፎርም ለብሶ፣ ከልጆች እኩል ተቀምጦ! በማግስቱ ዓመት ኒው ዮርክ ወስደው በተባበሩት መንግሥታት አናገሩት፤ ፊልምም ተሠራለት። ታዲያ ምን ይደንቃል? እኛ አገር በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ስንት ሽማግሌና ባልቴት ቀበሌ እየገባ ሀ ሁ ብሏል። ከዩኔስኮ ሽልማት በቀር ምን አገኘን? ለማንኛውም እዚህ ሰፈር ለአዛውንት የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት መኖሩን ልጅቷን በኮምፒዩተር አስፈልጌያታለሁ። ለአንድ ጎረቤቴ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ። የዓለሙ ዙር ሊያልቅ ስለሆነ፣ መምህርቷ «አያትሽ መጥተው የኢትዮጵያን የቄስ ትምህርት ቤት ይንገሩን» አለች አሉ። እኔ ሕፃን ፊት ቆሜ ተረት የማወራ ሰው አይደለሁም፤ አልሄድም ብያለሁ። ጋቢዬ ታጥቦ ይተኮስ፣ የፊደል ገበታው ከሻንጣዬ ሥር ይውጣ፣ ስንደዶ የሚመስል ቀጭን እንጨት ይፈለግልኝ ያልኩት እንዲያው ለጥንቃቄ ነው። የሰጡኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ! ገና ከሀ ቤት ሳልወጣ ያልቃል፤ መልእክተ ዮሐንስን መቼ ልደርስበት? አኩፋዳውንስ? ወንዙንስ? ሃያ አምስት አድርጉልኝ ብዬ ሌላ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በዚያ ላይ አለንጋ ይዞ መግባት ክልክል ነው አሉኝ፤ ለማሳያ እንኳ።