የገና መጽሐፍ አመራረጥ በደብረ ማርቆስ

በደብረ ማርቆስ ለገና የሚነበብ መጽሐፍ መመረጥ የሚጀምረው ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር 15 ነው። ምርጫው ከጾሙ እኩል ከ40 ቀን በላይ ይወስዳል። የተመረጠለት ዕረፍት ግን አንድ ቀን ነው። በዓሉ ሐሙስ ሲውል ዓርብም አብሮ የመዋል ጠባይ አለው፤ ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ቀኑም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ቅዳሴው ሌሊት ስለሆነ አንባቢው ቆሞ ያድራል። ቤት ገብቶ በዶሮ ወጥ ጾም ሲገድፍ እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ጎረቤት ለጠላ ይጠራዋል፤ አልሄድም ማለት ነውር ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ለንባብ የሚተርፈው ከአቦል እስከ ቶና ያለው ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ብርድ አንድ ገጽ ለመግለጥ እጅን ከጋቢ ማውጣት ግድ መሆኑም ከሒሳቡ መግባት አለበት።

አጭር መጽሐፍ ይመረጣል ብሎ የሚጠብቅ ከተማውን አያውቅም። የጎጃሙ ተወላጅ ተመስገን ገብሬ በ1941 ዓ.ም. ያሳተመው «የጉለሌው ሰካራም» በአንድ መቀመጫ ያልቃል፤ ለገና ግን ማንም አያጨውም። የሚታጨው በ1958 ዓ.ም. የታተመው፣ ከ500 ገጽ የሚበልጠው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት ከከተማው ብዙ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ስለሆነ፣ ሌላ መጽሐፍ መምረጥ ለአንዳንዱ ቤት ዘመድን ትቶ ባዳ እንደ መጋበዝ ይቆጠራል።

መጽሐፉ የሚገኝበት መንገድ ሦስት ነው፤ ይገዛል፣ ቤት ይኖራል፣ ወይም ይዋሱታል። የሚገዛው በዶሮ ዋጋ ምክንያት ለፋሲካ ይተላለፋል። ቤት ያለው ሁልጊዜ ስላለ አይነበብም። ጥናት የሚገባው የሚዋሱት ነው።

ውሰት በአጠያየቁ ይለያያል። ቀጥታ ጠያቂ ጥቂት ነው። በልጅ የሚልከው ይበዛል፤ ልጁም በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እማዬ ያንን መጽሐፍ ለበዓል ብቻ ትስጠኝ ብላለች» ይላል። «ለበዓል ብቻ» የሚለው ቃል የየትኛው ዓመት በዓል እንደሆነ አይጠቅስም። ሦስተኛው በሽሙጥ የሚጠይቅ ነው፦ «መቼም እናንተ ቤት መጽሐፍ ለአቧራ ነው የሚገዛው!» ይህ መንገድ ሳይሳካ የቀረበት ጊዜ የለም።

የተዋሱት ቅጂ ጋዜጣ ወይም ያለፈ ዓመት ካሌንደር ለብሶ ይመጣል። ውስጡ የባለቤቱ ስም፣ «ወስዶ ያልመለሰ» በሚል የሚጀምር እርግማንና ካለፈው ገና የቀረ የወጥ ጠብታ አለበት። ጠብታው ያለፈው ተዋሽ የት ላይ እንዳቆመ ስለሚያሳይ ከዕልባት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አይርቅም።

ትልቁ ጉዳይ የገጾቹ ይዞታ ነው። መጀመሪያው የተገነጠለበት ቅጂ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን አያውቅም፤ ይህን ያነበበ ቤተሰብ በዛብህን እናትና አባት የሌለው፣ ከሰማይ የወረደ ደብተራ አድርጎ ያኖረዋል። መጨረሻው የተገነጠለበት ቅጂ ደግሞ ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል እንደ መነኩሴ ለብሳ መንገድ ላይ ሳለች ያልቃል። በዚህኛው ቤት በዛብህ አልሞተም። ተጋብተዋል፤ ወልደዋል፤ አንዳንዶች ስንት እንደወለዱ ጭምር ያውቃሉ። ርዕሱ ራሱ «መቃብር» እያለ መጮኹ አላናወጣቸውም።

ሁለቱ ቤተሰቦች በገና ዕለት አንድ ዳቦ ዙሪያ ሲገናኙ የሚነሣው ክርክር ከሰብለ ወንጌል አባት ከፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ አያንስም። አንዱ የበዛብህን ወላጆች ይክዳል፤ ሌላው ሞቱን። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በሬዲዮ ሲተርክ የሰሙ ሽማግሌ ካሉ ነገሩ ወዲያው መፈታት ነበረበት። ሽማግሌው ግን የቤቱን እመቤት ፊት አይተው «እንጃ ልጄ፣ ያን ቀን ባትሪው አልቆ ነበር» ይላሉ። ጥናቱ ካገኛቸው ምስክሮች ሁሉ ዋሽተው የተመሰገኑ እኚህ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያውም መጨረሻውም የሌለው ቅጂ በራሱ ምድብ ሊቆም ይገባው ነበር። በሽፋን ቀለም፣ በኅትመት ዘመንና በአይጥ ጥርስ ብዛት መከፋፈልም ይቻላል፤ እዚህ ግን አያስፈልግም።

የሚቀረው የመመለሻ ቀን ነው። ተዋሹ «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያለ ጥር 11 ይደርሳል፤ በጥምቀት የሚያነብ ሰው የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ልቦለድ ተቀምጦ ዳዊት ይነሣል። ፋሲካ ሲቃረብ የመጽሐፉ ባለቤት ራሱ የሚያነበው አጥቶ ሦስተኛ ቤት ልጅ ይልካል፤ በሌላ ካሌንደር ተሸፍኖ የመጣለትን ሲገልጥ የራሱን ስምና የራሱን እርግማን ያገኛል። መልሶ የማስቀረት መብት ቢኖረውም ለበዓል ብቻ ብሎ ስለተዋሰ በሰኔ ይመልሰዋል።